እንደምን አደርክ ልጄ

ስለ ትሕትና የጻፍኩት ጽሑፍ በታተመ ማግስት ታክሲ የተሳፈርኩት የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም፤ ሰው እንዲያየኝ ነው። ፎቶግራፌ ከርእሱ ጎን ወጥቷል፤ እጄን አገጬ ላይ ደግፌ፣ ሩቅ ሩቅ እያየሁ። እኔም ከመገናኛ አራት ኪሎ የሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዝኩና እጄን አገጬ ላይ ደገፍኩ፤ ሩቅ ሩቅ አየሁ። መጽሔቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼዋለሁ። የተዘረጋው ገጽ የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ?

ሾላን እንዳለፍን ወያላው ሒሳብ እየሰበሰበ እኔ ዘንድ ደረሰ። መጽሔቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ደግሞ መጽሔቱን አየ።

«ፋዘር፣ ይሄ አንተ ነህ እንዴ?»

ለዚህች ጥያቄ የሳምንት ፈገግታ አጠራቅሜ ነበር፤ አንዱንም አላስቀረሁ። «አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ታነበዋለህ? ስትጽፈው አልነበርክም?»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢያደርጉም ትከሻቸው አጋለጣቸው። ወያላው ብቻ አልሳቀም፤ ጥሩ ተረበኛ በራሱ ቀልድ አይስቅም። መዳፉን ዘረጋልኝና «ለማንኛውም ሒሳብ» አለ።

መቶ ብር ሰጠሁት። እንግዲህ በዚያች ታክሲ ውስጥ ሁለት መልስ ይጠበቅ ነበር። እኔ ከእሱ የብሩን መልስ እጠብቃለሁ፤ ተሳፋሪው ከእኔ የነገሩን መልስ ይጠብቃል። የእሱ ቀበና ሳንደርስ መጣ፣ ሳይጎድል። የእኔ የመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ አልጋ ውስጥ ነው።

ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። ጨለማው ውስጥ ትንሽ አሰበችና «ደህና ናት» አለች፤ «ግን ረዘመች። ደግሞም ወያላው ተኝቷል።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ አልተኛሁም። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ትሕትና የጻፍኩት ሰውዬ አምስት ቃል መሸከም አቃተኝ።

የተረብን ሕግ የጻፈው የለም፤ ሰፈር ውስጥ ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል። የሰው አካል፣ ሐዘንና ማጣት አይነካም። የተነካ ይመልሳል። መልስ ያጣ አብሮ ይስቃል። የተናደደ ተሸነፈ። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች እንጂ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ያ ልጅ «አንተ ዝሆን» ቢለኝ ኖሮ ጥሩ እንቅልፍ እተኛ ነበር፤ ዝሆን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። የጥርስ ሐኪም የታመመውን ጥርስ የሚያገኘው አንድ በአንድ እያንኳኳ ነው፤ ጤነኛው ዝም ይላል፣ የታመመው ያስጮሃል። ወያላው አንኳኳ፣ እኔ ጮኽኩ። ምርመራውን በታክሲ ዋጋ አገኘሁት ማለት ነው፤ ክሊኒክ ብሄድ ካርድ ማውጫው ብቻ ከዚያ ይበልጣል።

ድሮ ይህ በሽታ «ጥጋብ» ነበር የሚባለው። ስሙ ራሱ መድኃኒቱን ይናገራል፤ ሁለት ቀን ጦሙን ይደር። ቀጥለን «ጉራ»፣ «ኩራት»፣ «መኮፈስ»፣ «መመጻደቅ» እያልን በየደረጃው ከፋፈልነው። አሁን «ኢጎ» ሆኗል። ስሙ ከውጭ ስለገባ መድኃኒቱም የሆቴል አዳራሽ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ የሻይ ሰዓትና የምስክር ወረቀት ሆነ። ይህንኑ ሥልጠና የወሰደ ወዳጅ አለኝ፤ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። ከሠርጉ ፎቶግራፍ ይተልቃል።

ወደ ተረቡ እንመለስና፣ የሙያውን አባት እናንሣ ካልን አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ከፎገራ የወጡ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ፣ ባለ ቅኔ፣ መኳንንቱም ካህናቱም ምላሳቸውን የሚፈሩት ሰው። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች ሁሉ ሕዝቡ አብዝቶ የሚወዳት ግን እሳቸው ያሸነፉባት አይደለችም። አንድ ማለዳ አህዮች የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ ያገኙና «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት?» ይሏታል። ሴትዮዋ ዱላዋን እንኳ ሳታወርድ «እንደምን አደርክ ልጄ» ብላ አለፈች።

በቃ። ሊቁ አህያ ሆነው ቀሩ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀልዷ ሳትሆን መንገዷ ነው፤ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰች? ሴትዮዋ ወደ ገበያዋ ሄዳለች፤ ያገኘቻቸው ሰው ማን እንደሆኑም ላታውቅ ትችላለች። አህዮቹ አይናገሩም። እኔ ወሬውን ያወጡት አለቃ ራሳቸው ይመስሉኛል፤ ማታ ከወዳጆቻቸው ጋር ተቀምጠው «ዛሬ አንዲት ሴት ጉድ ሠራችኝ» ብለው። ማረጋገጫ የለኝም፤ ግን ከጠባያቸው ጋር ይሄዳል። «የተክሌ» የሚባለውን የዝማሜ ስልት እንደሚነገረው የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ የሚጠራው ግን በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ስልቱ በስሜ እስኪጠራ ድረስ ልጄን አላስተምረውም ነበር።

ለነገሩ አህያ በእኛ ተረት ዘመዴ ናት። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው እሷው አይደለችም? ስለዚህ «ልጄ» መባሉ ለእንደኔ ዓይነቱ ስድብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ የትውልድ ሐረግም ነው።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ይህን በሽታ ገና ከሥሩ ያውቀው ነበር። ልጁ የደህና ቤት ልጅ ይሁን የድሃ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ቁራሽ ይለምናል፤ የየመንደሩ ውሻ ይቀበለዋል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይጠገናል። ጥሩ ሆኖለት እሰይ ቢባል እንኳ ያንኑ ነገ አይደግመውም፤ ለነገ ሌላ መቁጠር አለበት። ሊቅ ነህ የሚለው ሰው ከመገኘቱ በፊት ሌባ ነህ የሚለው ውሻ ሰባት ዓመት ነክሶታል። እኛ ዛሬ መጀመሪያ «ሊቅ» እንባላለን፤ ውሻው በኋላ ይመጣል፣ ያውም በወያላ መልክ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ራሴን ማዳመጥ ጀመርኩ። ራስን ማወቅ ሲባል ተራራ ላይ ወጥቶ ዓይንን መጨፈን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ግስ መቁጠር ነው። አማርኛችን ለእኔነት ጥሩ ጥሩ መደበቂያ ሠርቶለታል። ብርጭቆ ስሰብር «ሰበርኩት» አልልም፤ «ተሰበረብኝ» ነው የምለው። አርፍጄ ስመጣ «ረፈደብኝ»፤ ሰዓቱ ተነሥቶ የሮጠብኝ ይመስል። ታክሲ አመለጠኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ስምህ ጠፋኝ፣ ነገሩ ተረሳኝ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ተበዳይ ነኝ። ብርጭቆ፣ ሰዓት፣ ታክሲና እንቅልፍ ማኅበር ገብተው የሚያሳድዱት አንድ ምስኪን። ደግ ነገር ሲመጣ ግን ግሱ ወዲያው ቀና ይላል፤ «ሠራሁ»፣ «ገዛሁ»፣ «አስመረቅሁ»። «መኪና ተገዛብኝ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ይህን ያገኘሁት እኔ ብሆን ደስ ባለኝ። ያገኘችው ባለቤቴ ናት፤ ወጥ ቤት፣ ስባሪ መሀል ቆማ።

«ይሄ ብርጭቆ ከአንተ ጋር ምን ጠብ ቢኖረው ነው በየሳምንቱ የሚሰበርብህ?»

«አምልጦኝ እኮ ነው።»

«ያመለጠማ የሸሸ ነው። ይሄው እግርህ ሥር አለ፤ ጥረገው።»

ጠረግሁ። «ተጠረገልኝ» ለማለት ሞክሬ ዓይኗን አይቼ ተውኩት።

መሥሪያ ቤቶቻችን ከእኔም ይብሳሉ። ስማችሁ ተሳስቶ ተጽፎ ለማስተካከል ስትሄዱ «ስሕተት ተፈጥሯል» ትባላላችሁ። እግዚአብሔር በስድስት ቀን ከፈጠራቸው መካከል ስሕተት የሚባል አላነበብኩም፤ ማን ፈጠረው? ስትሉ የምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ራስን ለማወቁ ነገር ፈረንጆቹም ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ አንድ ሰው ጭምብል ሳያደርግ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ባንክ ዘረፈ። ፊቱን የተቀባው ሎሚ ነበር። በሎሚ የተጻፈ ጽሑፍ ወረቀት ላይ እንደማይታይ ያውቃል፤ እንግዲያውስ ሎሚ የተቀባ ፊትም ካሜራ ላይ አይታይም ብሎ ደመደመ። ምስሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ሲያዝ የተገረመው ፖሊሱ ሳይሆን እሱ ነው፤ ሎሚውን ተቀብቼ! ከዚህ ታሪክ ተነሥተው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ በ1999 አንድ ጥናት አወጡ። ተማሪዎችን በሎጂክ፣ በሰዋስውና (ልብ በሉልኝ) ቀልድን ከቀልድ በመለየት ፈተኗቸውና «ስንተኛ የወጣችሁ ይመስላችኋል?» አሏቸው። ከመቶው ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡት ደካሞች 62ቱን እንበልጣለን ብለው መለሱ። የላይኞቹ ደግሞ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገመቱ። ከእነሱ በፊት በ1981 ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ስለ መኪና መንዳት ጠይቆ ነበር፤ ከአሜሪካውያኑ 93 ከመቶው፣ ከስዊድናውያኑ 69 ከመቶው በችሎታ ከመካከለኛው ሾፌር እንበልጣለን አሉ። የመገናኛን አደባባይ ሾፌሮች ቢጠይቅ መቶው ራሱ አይበቃውም ነበር።

ይህን ጥናት ያነበብኩ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሎሚ የተቀቡ ሦስት ሰዎች ወዲያው ትዝ አሉኝ፤ አንዱ አለቃዬ ነው። እኔ ከሦስቱ አንዱ አልነበርኩም። ለካ ሎሚ ሲቀቡት አይሸትም።

ክሩገርና ደኒንግ ግን አንድ ነገር ጨምረዋል፤ ይችን ሰው ሲያወራ አልሰማም። በሎጂኩ የወደቁትን ልጆች ትንሽ አስተማሯቸውና የቀድሞ ወረቀታቸውን መለሱላቸው። ያን ጊዜ ስሕተታቸውን ማየት ጀመሩ፤ ውጤታቸውንም ዝቅ አድርገው ገመቱ። ወገኖቼ፣ ዝቅ እንዲሉ ያደረጋቸው ስድብም ስብከትም አይደለም፤ ትንሽ ትምህርት ነው።

ያም ሆነ ይህ እኔ ትሑት ለመሆን ወሰንኩ። ወዲያውኑም ማስታወቅ ጀመርኩ።

አገሩ ለዚህ የተመቸ ነው። ሁለት ትሑታን በር ላይ ከተገናኙ ማንም አይገባም። «ይቅደሙ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።» «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» አንድ ቀን እኔና አንድ የተከበሩ ሰው እንዲህ ስንገፋፋ ከኋላችን ዝናብ የሚወርድበት ጎረምሳ «ጋሼዎች፣ ሁለታችሁም ትሑት ናችሁ፤ በስብሼ መስክሬያለሁ» አለን። መድረክ ላይ ደግሞ ይብሳል። «እኔ ትንሹ ወንድማችሁ፣ ከእኔ የሚሻሉ አዋቂዎች ባሉበት፣ አጠር አድርጌ» ብሎ የጀመረ ሰው ከአርባ ደቂቃ በፊት የወረደ እንደሆነ ታሞ ነው።

እኔም በእድራችን የወር ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። «እኔ ትንሹ ወንድማችሁ» አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። ስለ መከባበር ጀመርኩ፤ ስለ መጽሔቱ ጽሑፌ በጨረፍታ ጠቀስኩ፤ ሦስተኛው ጨረፍታ ላይ የእድሩ ዳኛ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። እሳቸው ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግር የሚያቋርጡት ሲበዛባቸው ነው።

«ትንሹ ወንድማችን ከሆንክማ ጥሩ መጣህ» አሉኝ። «እኛ ትልልቆቹ ወገባችንን ያመናል። ስብሰባው ሲያልቅ አግዳሚዎቹን ወደ ዕቃ ቤት አስገባልን።»

ጸሐፊው ይህችኛዋን በቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈራት። እኔ የተናገርኩትን አላሰፈረም።

አግዳሚ ወንበር የሚነሣው ለሁለት ነው። ሌላውን ጫፍ የያዘልኝ ከሰፈራችን ሕንፃዎች በአንዱ በዘበኝነት የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ዓመት ሙሉ በደጁ ሳልፍ ራሴን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ያነሣችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ወደፊት ይሄዳል፣ አንዱ ወደኋላ። ወደኋላ የሚሄደው ዓይን የለውም፤ ዓይኑ ከፊት ለፊቱ ያለው ሰው ነው። እኔ ወደኋላ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ትንሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ድንጋይ አለ፣ ጋሼ።»

«አይቼዋለሁ።» በምን እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

«ጋሼ፣ ደረጃ...»

«አየሁት አልኩህ እኮ!»

ከነአግዳሚው ተዘረርኩ። ልጁ የእሱን ጫፍ አልለቀቀም፤ ለቆት ቢሆን ደረቴ ላይ ነበር የሚያርፈው። ሰው ተሰበሰበ፤ ዳኛው በዱላቸው እየተመረኮዙ መጡ። «ምን ሆንክ?»

«ደረጃው...» ብዬ ጀመርኩ። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ደረጃው ጣለኝ። ደረጃው ደግሞ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ካለበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ቀና ስል ልጁ ከነአግዳሚው ጫፍ ቆሞ ያየኛል። አልሳቀም፤ ነገሬን እየጠበቀ ነው።

«ነግሮኝ ነበር» አልኩ። «አልሰማሁትም።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሰይ። ዛሬ ከተናገርከው ይችኛዋ አጠር ያለች ናት» አሉና የቀሩትን አግዳሚዎች በዱላቸው አሳዩኝ። አሥራ አንድ ቀርተዋል። ልጁን ስሙን ጠየቅሁት፤ እሱ የእኔን ያውቀው ኖሯል። ጽሑፌን አንብቦ እንደሆነ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዘጋሁት። የቀረውን ሁሉ እሱ «ግራ» ሲለኝ ግራ፣ «ደረጃ» ሲለኝ ደረጃ እያልኩ ጨረስነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችኑ ታክሲ አገኘኋት። ወያላውም ያው ነው። እንዳየሁት ልቤ ዘለለ፤ ያች የሌሊቷ መልሴ አለች፣ ባለቤቴ ረዘመች ካለችኝ ወዲህ አሳጥሬያታለሁ፣ ስላት ሰንብቻለሁ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጽሔት አልያዝኩም። ሒሳብ ሊቀበለኝ ሲመጣ ፊት ለፊት አየኝ። አላወቀኝም። ሾላ ላይ ሌላ ሰው ሊጭን በሩን ከፈተና ዞር ብሎ፦

«ፋዘር፣ ተጠጋ።»

ተጠጋሁ።